መሪ ባጣ ዓለም ውስጥ እንደ ሜክሲኮ የሚቆምልን ማን ነው?

ትራንዚተሩ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ማታ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አንድ የሰፈሬ ልጅ አገኘኝ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። "ጋሼ፣ ይሄ ቦታ ለምንድነው ሜክሲኮ የተባለው?" አለኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። ነገርኩት። ግን የነገርኩት ነገር እስከ ቤቴ ድረስ አብሮኝ ሄደ። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ለማያውቁ ታሪኩ ይህ ነው። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ወረረችን። አገራችን ከ1916 ጀምሮ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። የማኅበሩ ሕግ አንዱ አባል ሲወረር ሁሉም እንደተወረሩ ይቆጠራል ይላል። ማኅበሩም ጣሊያንን ጥፋተኛ አለ። ማዕቀብ ጣለ። ነዳጅ ግን ከማዕቀቡ ውጭ ተደረገ። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ወታደሩም መርዝ ጋዙም በዚያው አልፎ መጣ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ተያዘች። ሰኔ 23 ቀን ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ በማኅበሩ ፊት ቆመው አቤት አሉ። ሳምንት ሳይሞላ ማዕቀቡ ይነሣ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ አገሮች የጣሊያንን ግዛት አንድ በአንድ ተቀበሉ። ሜክሲኮ እምቢ አለች። ያን ጊዜ ፕሬዚዳንቷ ላሳሮ ካርዴናስ ነበሩ። ከእኛ ጋር የሚያገናኛት ንግድም ድንበርም የለም። ጦር አልላከችም፣ ልትልክም አትችልም ነበር። "ይሄ ልክ አይደለም፣ አልቀበለውም" ብቻ ነው ያለችው። አደባባዩ ለዚህ ነው ሜክሲኮ የተባለው። በሜክሲኮ ሲቲም "ኢትዮጵያ" የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው።

እኔ ትራንዚተር ነኝ። ቢሮዬ ከአደባባዩ ብዙ አይርቅም። ሥራዬ ኮንቴይነር መከታተል፣ ዲክላራሲዮን ማዘጋጀት፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ መመላለስ ነው። ስለ ዓለም የማውቀው አብዛኛው ነገር ከዚሁ ሥራ የመጣ ነው። ከኅዳር 2016 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ መርከብ መምታት ሲጀምሩ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች መንገድ ቀየሩ። ከአውሮፓ የተጫነ ዕቃ አፍሪካን በደቡብ በኩል ዞሮ መምጣት ጀመረ። የማጓጓዣው ዋጋ ጨመረ፣ ኢንሹራንሱ ጨመረ፣ ቀኑ ረዘመ። አንድ ደንበኛዬ የማተሚያ ማሽን መለዋወጫ አዝዞ ነበር። በየቀኑ ይደውላል። "ይሄን ነገር የሚያስቆም ሰው የለም ወይ?" ይለኛል። ጅቡቲ ላይ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የቻይና፣ የጃፓንና የጣሊያን ጦር ሰፍሯል። አምስት ጦር በአንዲት ትንሽ አገር። የደንበኛዬን ዕቃ ግን በጊዜው ያደረሰለት የለም።

አሜሪካዊው የፖለቲካ ተንታኝ ኢያን ብሬመር ለዚህ ዘመን "ጂ ዜሮ" የሚል ስም አውጥቶለታል። ጂ ሰባት አለ፣ ጂ ሃያ አለ። ስብሰባው አልቀረም። ጉዳዩን ይዞ ዳር የሚያደርስ ነው የጠፋው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። አለቃ በሌለበት ዓለም እንደኛ ያለ አገር ምን ይዞ ይቆማል? ጉልበት? ወዳጅ? ሕግ? እኔ ሕግ ነው የምለው። ሕጉን የሚያስከብር ባይኖር እንኳ ሕጉን የሚጠራ ሰው መኖር አለበት። እናንተስ?

---

ስድስት ኪሎ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡48

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። አንድ አለቃ በነበረበት ጊዜ ምን አተረፍን? አጎዋን አስታውሱ፣ ዕቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበትን ዕድል። ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ዋሽንግተን ላይ በተወሰነ ውሳኔ ከገበያው ወጣን። እህቴ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋ ነበር። ሥራዋን አጣች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ስለ ፖለቲካው የምታውቀው ነገር አልነበረም። ይግባኝ የምትልበት ዳኛም አልነበራትም።

አሁን ቢያንስ በሩ ብዙ ነው። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የብሪክስ አባል ነን። እርስዎ ታክሲ ሲጠብቁ ከጎንዎ የሚያልፈው ባቡር በቻይና ብድር የተሠራ ነው። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ጋ እናንኳኳለን። ምኒልክም ይህንኑ ነው ያደረጉት። ጠመንጃ ከፈረንሳይም፣ ከሩሲያም፣ ከራሷ ከጣሊያንም አግኝተዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ያሸነፍነው በጀግንነት ነው፣ አዎ። ግን ዓለም ብዙ ተፎካካሪ ስለነበራትም ጭምር ነው።

ሕግ ሕግ የሚሉት እኮ ሕጉን የጻፉት ናቸው። እኛ አልጻፍነውም።

---

ጡረተኛ መምህር፣ አራት ኪሎ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ልጄ፣ የእህትህ ነገር ልቤን ነካው። ስለ ምኒልክ ያልከውም ትክክል ነው። ግን ታሪኩን መሀል ላይ አትቁረጠው። ከዓድዋ አሥር ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1899፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ ውል ተፈራረሙ። አገራችን የማን የማን የጥቅም ክልል እንደሆነች ተከፋፈሉ። እኛን አልጠየቁም። ሻጮች ሲፎካከሩ ትመርጣለህ። ሻጮቹ የተስማሙ ቀን ግን ዕቃው አንተ ትሆናለህ።

አለቃ ማጣት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የራሳችን ዘመነ መሳፍንት አለልን። ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን ካስገደሉ በኋላ ሰማንያ ዓመት ከዚያም በላይ ቆየ። ስሙ የመጣው ከመጽሐፈ መሳፍንት ነው፤ ንጉሥ ስላልነበረ ሰው ሁሉ ደስ ያለውን ያደርግ ከነበረበት ጊዜ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዘመነ መሳፍንት ንጉሥ አልጠፋም። ጎንደር ላይ ንጉሥ ነበረ። ዙፋን ነበረው፣ ማኅተም ነበረው፣ ጸሐፊ ነበረው። አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወረዱ። "ፍጻሜ መንግሥት" የተባሉትም ለዚህ ነው። የጠፋው የሚታዘዝ ነው። መሳፍንቱ ሹመት ሲፈልጉ በንጉሡ ስም ይሾማሉ። ንጉሡ የማይወዱትን ሲናገር ያወርዱታል። የዛሬውን የጸጥታ ምክር ቤት ሳይ ጎንደር ትዝ ይለኛል። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ማግስት ምክር ቤቱ ሊያወግዝ ተሰበሰበ። ራሷ ሩሲያ ውሳኔውን በድምፅ በመሻር መብቷ አስቀረችው። ሰብሳቢዋም በዚያ ወር እሷው ነበረች። አሜሪካም ስለ ጋዛ በቀረቡ ውሳኔዎች ላይ ይህንኑ መብት ደጋግማ ተጠቅማለች።

በዚያ ሁሉ ዘመን የከፈለው ገበሬው ነው። ሠራዊት ባለፈ ቁጥር በሬው ይታረዳል፣ ጎተራው ይራገፋል። ወራሪው ማን እንደሆነ እንኳ ለይቶ አያውቅም ነበር። በመጨረሻ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ነገሡና አንድ አደረጓት። ያም ደም ያፈሰሰ ነበር። ስለዚህ "አዲስ አለቃ ይምጣ" ብዬ አልመኝም። አለቃ የሚመጣበትን መንገድ አንብቤዋለሁ።

ግን ልጄ፣ አሮጌው ሥርዓት ፈረሰ ብለህ አትደሰት። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። አንተን ሞኝ ማለቴ አይደለም። የምትልሰው ጨው መኖሩንም አልክድም። የሚናደው ገደል ግን እኛም የቆምንበት ነው።

---

እናት ከተክለሃይማኖት | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

እኔ የተማርኩ አይደለሁም፤ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። በ2014 ዩክሬንና ሩሲያ ሲዋጉ የሱፍ ዘይት ከሱቅ ጠፋ። የተገኘ ዕለት ዋጋው ሌላ ነው። ዱቄትም ተወደደ። ሽሮዬን በትንሽ ዘይት መሥራት የለመድኩት ያኔ ነው። ደንበኞቼ "እትዬ፣ ጣዕሙ ተቀየረ" ይሉኝ ነበር። ምን ብዬ ላስረዳቸው? ጥቁር ባሕር የት እንዳለ እኔም ያወቅሁት በዚያ ዓመት ነው።

በነሐሴ 2014 ከዩክሬን ለእኛ አገር ስንዴ የጫነች የተባበሩት መንግሥታት መርከብ ጅቡቲ ገባች ሲባል በሬዲዮ ሰምቼ አለቀስኩ። 23 ሺህ ቶን ነው ያሉት። ጠላቶች ተስማምተው መርከብ ማሳለፍ ከቻሉ ነገሩ ይቻላል ማለት ነው ብዬ ነበር። ስምምነቱ ዓመት ቆይቶ ፈረሰ። ግን ዓመት ቆይቷል። ይሄንንም ቁጠሩት።

---

ብር ቆጣሪ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡40

ባንክ ነው የምሠራው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ነኝ። አለቃ ማጣት ስንት እንደሚያስወጣ በዕዳችን ታሪክ ላሳያችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ድሮ አንድ ደሃ አገር ዕዳ ሲከብደው የሚሄድበት ቦታ ይታወቅ ነበር። አበዳሪዎቹ ምዕራባውያን መንግሥታት ናቸው፣ ፓሪስ ላይ አንድ ክለብ አላቸው። ከዓለም ባንክና ከአይኤምኤፍ ጋር ሆነው ይወስናሉ። ውሳኔው መራራ ሊሆን ይችላል። ቅድመ ሁኔታውም ያንገሸግሻል። ግን ውሳኔ ይገኛል። በ1996 ኢትዮጵያ በዚያው መንገድ ሄዳ ብዙ ዕዳ ተሰረዘላት።

አሁንስ? ለቻይና አለብን። ለፓሪስ ክለብ አባላት አለብን። በ2007 በሸጥነው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ደግሞ ስማቸውን ለማናውቃቸው የቦንድ ገዢዎች አለብን። እነዚህ ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ጂ ሃያ በኮቪድ ዓመት "የጋራ ማዕቀፍ" የሚባል ነገር አወጣ። እኛ በ2013 አመለከትን። የአበዳሪ መንግሥታቱ ኮሚቴ ሰብሳቢዎች ሁለት ሆኑ፣ ፈረንሳይና ቻይና። አስቡት፣ ሰብሳቢው እንኳ አንድ መሆን አልቻለም።

በታኅሣሥ 2016 የቦንዱን ወለድ ሳንከፍል ቀረን። 33 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ያኔ እኛን "ዕዳውን መክፈል ያቃተው" ብለው መዘገቡን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ተደረገ። ዶላር 57 ብር ገደማ የነበረው በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። አይኤምኤፍ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም ፈቀደ። ከመንግሥታቱ ጋር በ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ላይ የመርህ ስምምነት የተገኘው በመጋቢት 2017 ነው። ከማመልከቻው አራት ዓመት በኋላ! የቦንድ ገዢዎቹ ድርድር ደግሞ ለብቻው ነው።

እነዚያ አራት ዓመታት በከንቱ የሄዱ ናቸው። ዕቃ ለማስመጣት ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) ሊከፍት የመጣ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። መድኃኒት አስመጪው፣ የመኪና ጎማ አስመጪው፣ ሁሉም ወረፋ ጠብቋል። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም እኮ። ቻይና ከእኔ በፊት ምዕራባውያን ይቀንሱ ትላለች። ምዕራባውያኑ የተቀነሰው ገንዘብ ለቻይና መክፈያ ይሆናል ብለው ይሰጋሉ። የቦንድ ገዢው ሁሉም እስኪቀንስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሁሉም በየራሱ ትክክል ነው። ድምሩ ግን እኛ ነን።

ቻርልስ ኪንድልበርገር የሚባል የኢኮኖሚ ሊቅ ስለ 1930ዎቹ የፈረንጆች የኢኮኖሚ ድቀት የጻፈው ትዝ ይለኛል። ብሪታንያ ዓለምን መምራት ፈልጋ አቅም አጣች፣ አሜሪካ አቅም ኖሯት ፈቃድ አጣች፣ ድቀቱ የረዘመው ለዚህ ነው ይላል። ትራንዚተሩ የነገረን የጄኔቭ ታሪክም የዚያው ዘመን ነው። የኢኮኖሚው ውድቀትና የማኅበሩ ውድቀት አንድ ወቅት ላይ የሆኑት በአጋጣሚ አይመስለኝም።

---

ፒያሳ ወርቅ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

@ብር ቆጣሪ እውነት ነው። እኔ በወርቁ ነው የማየው። በፈረንጆቹ 2025 ብቻ አንድ ወቄት ወርቅ መጋቢት ላይ 3000 ዶላርን አለፈ፣ ጥቅምት ላይ 4000ን። ማዕከላዊ ባንኮች ሳይቀሩ እየገዙ ነው። ሰው ወርቅ የሚሸሽገው ነገን ሳያምን ሲቀር ነው። ጅዳ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ያጠራቀምኩትን በወርቅ ያስቀመጥኩት እኔም ነገን ስላላመንኩ ነው። አሁን ለሠርግ ቀለበት የሚመጡ ልጆች ዋጋውን ሰምተው ሲመለሱ ማየት ያሳዝናል።

---

ነርስ፣ ልደታ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ሁላችሁም ስለ መንግሥታት ነው የምታወሩት። እኔ ስለ አንድ ክፍል ልንገራችሁ።

ኤአርቲ ክሊኒክ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የኤች አይ ቪ የዕድሜ ማራዘሚያ የሚወስዱ ሰዎችን መከታተል ነበር ሥራዬ። ማን ቀጠሮ ቀረ፣ ለምን ቀረ፣ ማን ጋ ልደውል። ደመወዜ የሚመጣው በአሜሪካ ሕዝብ ገንዘብ ነው። በጥር 2017 አዲሱ ፕሬዚዳንት የውጭ እርዳታን በአንድ ፊርማ አቆሙ። ከዚያ በኋላ በመላ አገሪቱ 5000 ያህል በዚያ ገንዘብ የተቀጠርን የጤና ሠራተኞች ውላችን እንዲቋረጥ ታዘዘ። በሰኔ መጨረሻ ዩኤስኤይድ የሚባለው መሥሪያ ቤት ራሱ ተዘጋ።

መጨረሻ ቀኔ ላይ አንዲት እናት ካርዷን ይዛ መጣች። "መድኃኒቱም ይቆማል?" አለችኝ። "አይቆምም" አልኳት። ያኔ እርግጠኛ አልነበርኩም። ያን ቃል ሳስታውስ እስካሁን ሆዴ ይጨነቃል። መድኃኒቱ አልቆመም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እሷን ደውሎ የሚፈልጋት ሰው ቆመ።

አሜሪካን አልረግምም። ያ ገንዘብ ከሃያ ዓመት በላይ ስንቱን ሰው አተረፈ። በእጄ ያየሁት ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። እኛ ቤቱን ስንሠራ ምሰሶውን ከጎረቤት ተውሰን ነው። ጎረቤቱ ምሰሶውን ሲወስድ ማልቀስ ብቻ አይበቃም። @ስድስት ኪሎ፣ አንተ ያልከው ብዙ በር ለመንገድና ለባቡር ይሠራል። ለኤአርቲ ክሊኒክ ግን በሩን የከፈተ ሌላ አላየሁም። ቻይናም ሩሲያም አልመጡም።

---

ስድስት ኪሎ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡02

@ነርስ፣ ልደታ እህቴ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ። ልክ ነሽ።

ግን ካልሽው ምሰሶ ተነሥቼ አንድ ነገር ልበል። የሕዳሴ ግድቡን ከመጋቢት 2003 ጀምሮ የሠራነው በራሳችን ገንዘብ፣ በቦንድና በመዋጮም ጭምር ነው፣ አበዳሪ ስላልተገኘ። እናቴ ከጉሊት ገቢዋ የ100 ብር ቦንድ ገዝታለች። ጉዳዩ ሁለት ጊዜ የጸጥታው ምክር ቤት ድረስ ሄዷል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። የራስ ምሰሶ ይቻላል።

---

ከርቸሌ ጀርባ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡25

እኔ ያደግሁት አሁን አፍሪካ ኅብረት ያለበት ሰፈር ነው። ያ ረጅም ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት ቦታው ወህኒ ቤት ነበር። ዓለም በቃኝ። አባቴ በቀይ ሽብር ዘመን አሥራ ስምንት ወር ታስሮበታል። እናቴ ስንቅ ትወስድ ነበር። ሕንፃውን ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ በጥር 2004 አስረከበች። ዓለም በቃኝ በነበረበት መሬት ላይ አሁን የአፍሪካ መሪዎች ተሰብስበው ስለ ዓለም ይመክራሉ። ይሄን ነገር ሳስበው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። አባቴም ከመሞቱ በፊት አይቶታል።

ስለዚህ ተስፋ የማደርገው በዚህ ቤት ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር። ቤቱ ተሠርቶልናል እንጂ አልሠራነውም። የኅብረቱ የፕሮግራም በጀት ብዙው ክፍል አሁንም ከውጭ አጋሮች ይመጣል። በሐምሌ 2008 ኪጋሊ ላይ አባል አገሮች ከውጭ ከሚያስገቡት ዕቃ 0.2 በመቶ ለኅብረቱ ሊያዋጡ ተስማምተው ነበር። ብዙዎቹ አልፈጸሙትም። በጳጉሜን 2015 ኅብረቱ የጂ ሃያ ቋሚ አባል ሆነ። ትልቅ ነገር ነው። በጸጥታው ምክር ቤት ግን አፍሪካ ዛሬም አንድ ቋሚ ወንበር የላትም። ሁለት ወንበር ከነሙሉ መብቱ ይሰጠን ካልን ሃያ ዓመት አለፈን።

ትራንዚተሩ፣ አንተ ሜክሲኮ ሜክሲኮ ትላለህ። እኔ የምፈልገው ሃምሳ አምስት ሜክሲኮዎች አንድ ላይ ነው።

---

የቃኘው የልጅ ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡50

አያቴ በ1943 ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቷል። ከሐረርጌ የመጣ የሃያ ዓመት ልጅ ነበር። በረዶ አይቶ አያውቅም። ለምን ሄድክ ብዬ ልጅ ሆኜ ጠይቄዋለሁ። "እኛ ስንወረር ማንም አልመጣም። እኛ ግን መጣን" አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አልጨመረም።

ጃንሆይ ጦሩን የላኩት ለአሜሪካ ብለው ነው የሚል አለ። ያም ይኖርበት ይሆናል። ግን ጄኔቭ ላይ ቆሞ "ነገ የእናንተ ተራ ነው" ያለ ሰው፣ የሌላው ተራ ሲደርስ ዝም ማለት አይችልም ነበር። ከ120 በላይ ልጆቻችን እዚያ ወደቁ። አንድም ሰው አልተማረከም። አፍንጮ በር ያለው መታሰቢያ ላይ ስማቸው አለ።

አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ። የካቲት 23 ቀን 2014፣ እኛ ዓድዋን ስናከብር፣ በዚያው ዕለት ኒው ዮርክ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ዩክሬን ወረራ ድምፅ ሰጠ። 141 ደገፉ፣ 5 ተቃወሙ፣ 35 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። የእኛ ወንበር ባዶ ነበር። ከሦስቱ በአንዱም የለንም። አያቴ በሕይወት ቢኖር ምን እንደሚል አላውቅም።

---

ስድስት ኪሎ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡10

@የቃኘው የልጅ ልጅ በዚያን ጊዜ እኮ ራሳችን ጦርነት ውስጥ ነበርን። የጸጥታው ምክር ቤት ደጋግሞ ስለ እኛ ይሰበሰብ ነበር። ሁሉም ወገን ያስፈልገን ነበር። ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው የጎረቤት ሽምግልና ላይ ባይገኝ ይፈረድበታል?

---

የቃኘው የልጅ ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡22

@ስድስት ኪሎ አልፈረድኩም። ከበደኝ ነው ያልኩት። ሜክሲኮም እኮ በ1928 የራሷ ችግር ነበረባት።

---

ከካርቱም የተመለስኩ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12፡35

ሌሊቱን ሙሉ አንብቤያችሁ አሁን ነው የምጽፈው።

ካርቱም አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ ለእኛ የስቅለት ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ተኩስ ተጀመረ። ለፋሲካ ዶሮ ገዝተን ነበር። አሥራ ሁለት ቀን ቤት ውስጥ ተኝተን ከረምን፤ መተኛት ስል ወለል ላይ ማለቴ ነው። ውኃ ያቀብለን የነበረው ጎረቤታችን ሱዳናዊ መካኒክ ነው። የራሱን ልጆች ውኃ ከፍሎ። ከዚያ በመተማ በኩል ወጣን።

አለቃ የሌለው ዓለም ምን እንደሚመስል ሱዳን ነው። አስታራቂ ጠፍቶ አይደለም። አስታራቂ በዝቶ ነው። ጅዳ ላይ አንድ ጠረጴዛ ነበረ። ኢጋድ ሌላ ጠረጴዛ ዘረጋ። ማናማ ላይ ተነጋገሩ፣ ጄኔቭ ላይ ተጠራሩ፣ ለንደን ላይ ተሰበሰቡ። አንዱ ጠረጴዛ ሲጠብቅባቸው ተዋጊዎቹ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ከኋላቸው መሣሪያና ገንዘብ የሚልኩት መንግሥታት ደግሞ ጠረጴዛው ዙሪያ ራሳቸው ተቀምጠዋል። የዳርፉሯ ከተማ አል ፋሺር ከአንድ ዓመት ተኩል ከበባ በኋላ በጥቅምት 2018 ስትወድቅ ዓለም ሁሉ እያየ ነበር። ሳተላይት ከሰማይ ደሙን ያነሣ ነበር። የመጣ የለም።

የውይይቱን ርዕስ ሳነብ አንድ ነገር አንገቴን አስደፋኝ። እንደ ሜክሲኮ የሚቆምልን ማን ነው ብለን እንጠይቃለን። እኛስ ለማን ሜክሲኮ ሆንን? ሱዳኖች ጎረቤቶቻችን ናቸው። በእኛ ክፉ ቀን፣ በደርግ ዘመንም፣ በ1977ቱ ረሃብም፣ ድንበራቸውን ከፍተው የተቀበሉን እነሱ ናቸው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በሺዎች አሉ። በታክሲ አብረናቸው እንሳፈራለን። ከመካከላችን ከአንዳቸው ጋር ሻይ የጠጣ ስንት ነው?

ያ መካኒክ ባለፈው ዓመት ሞተ። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ አሁን እኔ ግቢ ውስጥ ናቸው። ልጆቹ ትምህርት ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ትልቁ ስምንተኛ ክፍል ነበር። ሒሳብ ይወዳል።

---

ትራንዚተሩ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ወንድሜ፣ ጥያቄዬን አዞርክብኝ። ቢሮ ገብቼ ሥራ አልያዝ አለኝ።

ሕግ ነው ብዬ ነበር። አሁንም ሕግ ነው እላለሁ። ግን ሕጉን ማን ይጠራው ስል ዓይኔ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ነበር። ካርዴናስን፣ ኒው ዮርክን፣ ጄኔቭን ነበር የማየው። የአንተ መካኒክ ውኃ ሲያቀብላችሁ ማንም አላዘዘውም።

---

ነርስ፣ ልደታ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡40

@ከካርቱም የተመለስኩ ልጆቹ ክትባታቸው የተሟላ ነው? ካርድ ከሌላቸው ችግር የለም፣ ከመጀመሪያው እናስጀምራለን። አሁን ሌላ ጤና ጣቢያ ገብቻለሁ። በግል መልእክት ጻፍልኝ፣ እኔው እቀበላቸዋለሁ። እናትየዋም ትምጣ።

---

ጡረተኛ መምህር፣ አራት ኪሎ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡30

ልጄ፣ እነዚያን ልጆች ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ላክልኝ። ቤቴ ሰፊ ባይሆንም ጥቁር ሰሌዳ አለኝ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ሒሳብ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ግን አስተምሬያለሁ። ከዚያ በላይ ላለው @ስድስት ኪሎን እለምነዋለሁ።

---

ስድስት ኪሎ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡34

እመጣለሁ መምህር። ቅዳሜ ክፍል የለኝም።

---

ከካርቱም የተመለስኩ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡05

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትልቁ አማርኛ ትንሽ ትንሽ ይሞክራል። ሁለቱ ታናናሾች ግን ምንም አይሰሙም፣ አረብኛ ብቻ ነው። እኔ ቅዳሜ ሥራ ላይ ነኝ። አረብኛ የሚችል ሰው አብሯቸው ቢቀመጥ ጥሩ ነበር።

---

ፒያሳ ወርቅ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡20

እኔ እችላለሁ። ሱቁን ወንድሜ ይከፍተዋል። አድራሻውን ላኩልኝ።